ግማሽ ቀን በፎገራ ሜዳ

ወረታን ብዙ ሰው ያውቃታል። የሚያውቃት ግን በመኪና መስኮት ነው። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚሄድ ሁሉ በወረታ ያልፋል። ወደ ደብረ ታቦርና ወደ ወልድያ የሚወስደውም መንገድ የሚገነጠለው ከወረታ ነው። ይህን መንገድ የሠሩት ቻይናዎች ናቸው። ስለዚህ «ቻይና መንገድ» የሚሉት ሰዎች አሉ። አገር ለማየት የሚመጣ ሰው ወይ ለጎንደር ግንብ ይቸኩላል፣ ወይ ለላሊበላ ይቸኩላል። ወረታ ላይ ሻይ ጠጥቶ ይነሣል። አለቀ።

እኔ የወረታ ልጅ ነኝ። ለሥራ ከወጣሁ ግን ብዙ ዘመን ሆኖኛል። ፎገራን እንደ እንግዳ ዞሬ አይቼው አላውቅም ነበር። የገዛ አገሩን ገንዘብ ከፍሎ የሚያይ ማን አለ?

በኅዳር ወር 2012 ዓ.ም. ወላጆቼን ልጠይቅ ሄድኩ። አንድ የሰፈራችን ወጣት እንግዶችን ግማሽ ቀን በሜዳው እያዞረ ያሳያል ተባለ። ጧት በ1 ሰዓት ይነሣል፤ ከቀኑ 6 ሰዓት ይመለሳል። በሌላ አገር እንዲህ ያለው ጉብኝት የታወቀ ነው። በሜክሲኮ አገር ኮዙሜል የምትባል ደሴት አለች። ትልልቅ መርከቦች እንግዳ ያወርዱባታል። እንግዳው አስጎብኚ ይዞ ግማሽ ቀን ይዞራል። የጥንት ሰዎች የሠሩትን የድንጋይ ፍርስራሽ ያያል፤ በባሕሩ ዳር ይበላል፣ ይጠጣል፤ ከዚያ ወደ መርከቡ ይመለሳል። የኛው ወጣት ይህን ሰምቷል። «ፎገራስ ከማን ያንሳል? መርከብ ባይኖረን ታንኳ አለን» ይላል።

አባቴን «አብረን እንሂድ» አልኳቸው። አባቴ ዕድሜያቸው ከ70 በላይ ነው። ገበሬ ናቸው።

«ስበላበት የኖርኩትን ሜዳ ነው ብር ከፍዬ የማየው?» አሉኝ።

«እኔ እከፍላለሁ» አልኩ።

«እንዲያ ከሆነማ ልምጣ» አሉ። ነጠላቸውን ደረቡ፣ ዱላቸውን ያዙ።

ከኛ ጋር አንዲት ከአዲስ አበባ የመጣች ነርስና ሁለት ተማሪዎች ነበሩ። ከኋላው ክፍት በሆነች ትንሽ መኪና ተነሣን። አባቴ ከሾፌሩ ጎን ተቀመጡ።

መጀመሪያ ያቆምነው እዚያው ወረታ ውስጥ ነው፤ በሩዝ መፈልፈያ ቤት። ሩዝ ከማሳ ሲመጣ ከነቅርፊቱ ነው። መኪናው ቅርፊቱን ይለያል። ነጩ ሩዝ በአንድ በኩል ይወርዳል። ቤቱ አቧራ ነው፤ ጩኸቱም ጆሮ ይበጥሳል። ነርሷ «ሩዝ ከውጭ አገር ብቻ የሚመጣ ይመስለኝ ነበር» አለች። ብዙ ሰው እንዲሁ ይመስለዋል። በኢትዮጵያ ሩዝ በብዛት ከሚመረትባቸው ቦታዎች ዋናው ፎገራ ነው። በወረታ የብሔራዊ ሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል የተቋቋመውም ስለዚህ ነው። በወረታ ሩዝ ለወጥና ለፓስታ ተርታ የሚቀመጥ ምግብ አይደለም። ከጤፍ ጋር ተፈጭቶ እንጀራ ይሆናል። የእናቴም እንጀራ እንዲያ ነው። እኔ እወደዋለሁ፤ በተለይ ትኩሱን።

ሩዝ ለዚህ አገር የጥንት እህል አይደለም። የመጣው በ1970ዎቹ ነው። የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች መጥተው አስተማሩ። በአጎራባቹ በደራ ወረዳ ጅግና የሚባል ቦታ አለ። ሙከራ ከተደረገባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። ገበሬው እጅግ የለመደው የሩዝ ዘር እስከ ዛሬ «ኤክስ ጅግና» ይባላል። ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው።

ከከተማው ወጥተን ወደ ምዕራብ ወረድን። ሜዳው ተከፈተ። አስጎብኚው መኪናውን አስቆመና በእጁ አሳየን። በስተምሥራቅ ከሩቅ የጉና ተራራ ይታያል። ከፍታው ከባሕር ወለል ከ4,100 ሜትር በላይ ነው። በስተምዕራብ የጣና ሐይቅ አለ። የሐይቁ ከፍታ ወደ 1,800 ሜትር ገደማ ነው። ርብና ጉማራ የሚባሉት ሁለት ወንዞች ከጉና በኩል ተነሥተው ወደ ጣና ይወርዳሉ። ፎገራ በሁለቱ መካከልና ዳር የተዘረጋ ሜዳ ነው። ወንዞቹ በክረምት ከደጋው አፈር ይዘው ይመጣሉ። ሜዳው ላይ ሲደርሱ ቁልቁለቱ ያልቃል። ውኃው ጉልበት ያጣል፤ ይንጣለላል፤ አፈሩን እዚያው ይጥለዋል። ጥቁሩ የፎገራ ዋልካ እንዲህ ነው የሚጠግበው። ዋልካ ሲረጥብ ጫማ ያስወልቃል። ሲደርቅ ደግሞ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ ይሰነጠቃል። ከተማሪዎቹ አንዱ ሁለቱንም በአንድ ቀን አየ። ጫማውን በዱላ ጎትተን ነው ያወጣንለት።

የአጨዳ ጊዜ ነበር። ሩዙ ወርቅ መስሏል። ሰዎች በማጭድ ያጭዳሉ፤ ሴቶች ነዶ ይሸከማሉ። ወዲያ ማዶ በአውድማ ላይ በሬዎች ይሽከረከራሉ። ነርሷ ፎቶግራፍ ልታነሣ ፈለገች። አባቴ «በመጀመሪያ ሰላም በያቸው» አሏት። እውነታቸውን ነው። «እግዜር ይስጥልኝ፣ እንደምን አደራችሁ» አለች። አጫጆቹ ሣቁ፤ ውኃም ሰጡን።

ጥቂት ሄደን የከብት መንጋ አገኘን። አስጎብኚው ደስ አለው። ይህ የሚኮራበት ቦታው ነው። «የፎገራ ከብት ይኸውላችሁ» አለ። «በአገራችን በወተት ከታወቁት ዝርያዎች አንዱ ነው። ረግረግ ይችላል፤ ዝንብ ይችላል። ጠባዩም ገራም ነው።»

የተናገረው ሁሉ ልክ ነው። አባቴ ግን ዝም ብለው ከብቶቹን ያያሉ። ከዚያ ዱላቸውን ወደ አንዷ ላም አነሡ።

«ይህች ፎገራ አይደለችም» አሉ።

«እንዴት አወቁ አባቴ?» አለ ወጣቱ።

«ቀንዷን እይ። እንገቷ ሥር ያለውንም ቆዳ እይ። የፎገራ ላም ቀንዷ አጭር ነው። ያ ቆዳ ደግሞ ሰፊ ሆኖ ይንጠለጠላል። መልኳ ነጭና ጥቁር ቡሬ ነው። ይህች ድቅል ናት። ያቺም ድቅል ናት። ያችኛዋ ብቻ ትመስላለች።»

ከ30 ከብት ውስጥ አባቴ «ይህች ፎገራ ናት» ያሉት 4 ብቻ ነው። አስጎብኚው አፈረ። ግን ብልህ ልጅ ነው። ደብተር አወጣና አባቴን እየጠየቀ ጻፈ። «ሌሎቹስ የት ሄዱ?» ብሎ ጠየቃቸው።

አባቴ መልስ ከመስጠታቸው በፊት ያጨዱትን ሰዎች ዞር ብለው አዩ።

«እዚያ ናቸው» አሉ። «ያ ሁሉ ሩዝ ያለበት የግጦሽ መሬት ነበር። በክረምት ውኃ ይተኛበታል። ውኃው ሲሸሽ ሣር ይሆናል። ጤፍ አይሆንበት፣ በቆሎ አይሆንበት። ለከብት ብቻ ነበር የሚሆነው። ሩዝ ግን ውኃ ይወዳል። ሩዝ ሲመጣ ሁሉም እያነሣ አረሰው። እኔም አረስኩ። ሣሩ ሲያልቅ ከብቱ አለቀ።»

«ታዲያ ሩዙ ባይመጣ ይሻል ነበር?» አለች ነርሷ።

«እሱንማ አልልም» አሉ። እኔን በዱላቸው ነካ አደረጉኝ። «ይኸን ልጅ ያስተማረው ሩዝ ነው። የሸጥነው ሩዝ ነው ደብተር የገዛለት። የመጨረሻዋን ቡሬ ላም ግን አምና ሸጥኳት። የምትግጥበት አጣሁ።»

ላሚቱ እንደ ተሸጠች እኔ አላወቅሁም ነበር። ለኔ የነገረኝ የለም። ቤት ሄጄ ወተት ስጠጣም ከየት እንደ መጣ አልጠየቅሁም። ከጎረቤት የተገዛ ኖሯል።

መኪናው እንደገና ተነሣ። ብዙ ወሬ አልነበረም።

ከሐይቁ ሳንደርስ ሸሸር የሚባል ረግረግ አለ። ወለላ የሚባልም ሌላ አለ። ሁለቱም ክረምት የሞላውን ውኃ ይዘው የሚቆዩ ጉድጓዳ ሜዳዎች ናቸው። ከመኪና ወርደን በእግር ሄድን። እኔ እንዲያ ያለ የወፍ ብዛት አይቼ አላውቅም። ረጃጅም እግርና ረጃጅም አንገት ያላቸው ግራጫ ወፎች በመቶ እየሆኑ ቆመዋል። ሲጮኹ መለከት ይመስላል። አስጎብኚው «እነዚህ ከአውሮጳ የመጡ ናቸው» አለ። እዚያ ክረምቱ በረዶ ነው፤ ምግብ የለም። ስለዚህ ባሕርና በረሓ አቋርጠው ፎገራ ይመጣሉ። ብርዱ ሲያልፍ ይመለሳሉ። እኔ በልጅነቴ በወንጭፍ አባርሬያቸዋለሁ። ከየት እንደ መጡ ማን ነገረኝ?

በረግረጉ ዳር አንድ ጎልማሳ ገበሬ የውኃ መሳቢያ ሞተር ተክሏል። ውኃውን እየሳበ ሽንኩርት ያጠጣል። አስጎብኚው ቀረብ ብሎ «አያ፣ ውኃው እኮ በየዓመቱ እየቀነሰ ነው። ወፎቹ የሚያርፉበት ያጣሉ» አለው።

ገበሬው ቀና አለ። አልተቆጣም። «አንተ ለወፉ ታስባለህ። ጥሩ ነው። ወፉን ለሚያይ እንግዳ ታስከፍላለህ። ለኔ ከዚያ ውስጥ ምን ይደርሰኛል?» አለ።

ወጣቱ መልስ አጣ። እኛም አጣን። አስጎብኚው ያስከፈለን በሰው 200 ብር ነው። ከዚያ ላይ ለሾፌርና ለነዳጅ ይከፍላል። ለገበሬው የሚደርስ አልነበረም። አባቴ ግን ሞተሩን ዞረው አዩና «ሽንኩርቱ ዘንድሮ ስንት ይሸጣል?» ብለው ጠየቁ። ሁለቱ ስለ ዋጋ ብዙ አወሩ። ስንሄድ ገበሬው አስጎብኚውን ጠራው። «እንግዳ ስታመጣ ወደኔ ቤት አምጣ። ሚስቴ ቡና ታፍላለች። ያን ጊዜ ስለ ውኃው እንነጋገራለን» አለው። ወጣቱ ይህንንም በደብተሩ ጻፈ። እኔ እንደሚመስለኝ በዚያ ቀን የተጻፈው ትልቁ ነገር ይህ ነው።

ወደ 4 ሰዓት ተኩል ገደማ ሐይቁ ዳር ደረስን። ቦታው ናቤጋ ይባላል። ጣና በኢትዮጵያ ካሉት ሐይቆች ሁሉ ትልቁ ነው። ዓባይ ከዚህ ይወጣል። ከናቤጋ ዳር ላይ ቆመን ያየነው ግን ውኃ አልነበረም። አረንጓዴ ነው። ሜዳው ያላለቀ ይመስላል። ይህ እምቦጭ ነው። እምቦጭ በውኃ ላይ የሚንሳፈፍ አረም ነው። አበባው ሐምራዊ ሆኖ ያምራል፤ ሥራው ግን ክፉ ነው። በጣና ላይ የታየው በ2004 ዓ.ም. ገደማ ነው። መነሻው ደቡብ አሜሪካ ነው። በሜክሲኮ አገር ትልቁን ሐይቅ ቻፓላንም ይኸው አረም አስቸግሮታል። ስለዚህ ሐዘኑ የኛ ብቻ አይደለም።

ታንኳ እንሳፈር ብለን ነበር። ታንኳ ከደንገል የሚሠራ ጀልባ ነው። ደንገል በውኃ ዳር የሚበቅል፣ ቄጠማ የሚመስል ረጅም ተክል ነው። ታስሮ ጀልባ ይሆናል። ውኃ ስለሚጠጣ ከሥራ በኋላ ዳር ላይ ወጥቶ ይደርቃል። ባለታንኳው አንድ አንድ ሰው እየጫነ በእምቦጩ መካከል በከፈተው ቀጭን መንገድ ወሰደን። ጥልቁ ድረስ አልሄድንም። እምቦጩ መቅዘፊያውን ይይዘዋል። «ድሮ መረቤን ከዚህ እጥል ነበር» አለኝ። «ቆሮሶም አምባዛም አገኛለሁ። ዛሬ መረቡን አረሙ ይቀድደዋል። ራቅ ብዬ ሄጄ ነው የምጥል።» ቆሮሶና አምባዛ የዓሣ ስሞች ናቸው።

አባቴ ታንኳ ላይ አልወጡም። ስመለስ አንድ የሣር ክዳን ቤት ግድግዳ ዳር ቆመው አገኘኋቸው። በዱላቸው ግድግዳውን ለኩ። የዱላቸው ጫፍ ደረታቸው ድረስ ነው።

«ውኃው በ98 እዚህ ደርሶ ነበር» አሉ።

በነሐሴ 1998 ዓ.ም. ርብና ጉማራ ሞልተው ፎገራንና ሊቦ ከምከምን አጥለቀለቁ። ብዙ ሕዝብ ከቤቱ ወጥቶ በድንኳን ሰነበተ። እህል በጎተራ በሰበሰ፤ ከብት ተወሰደ። በወንዞቹ ዳር የአፈር ክትር አለ። ክትር ማለት ውኃ የሚያግድ ቁልል ነው። አስጎብኚው እንደ ነገረን ክትሩ ቤቱን ይጠብቃል። ነገር ግን ለሸሸርና ለወለላ የሚገባውን ውኃም ይቀንሳል። ውኃ ሲበዛ ያጠፋል፤ ሲያንስም ያጠፋል። ፎገራ ላይ የሚኖር ሰው ዓመቱን ሙሉ ይህን ሲመዝን ይኖራል።

«አንተ በዚያን ጊዜ የት ነበርክ?» አሉኝ አባቴ።

«ከተማ፣ ትምህርት ቤት» አልኩ።

«እኔ ላሚቱን በገመድ ይዤ ደረቴ ድረስ ውኃ ውስጥ አደርኩ። የዚያችን እናት ነው። አምና የሸጥኳትን።»

ከዚያ ወዲያ አልተናገሩም። ወደ መኪናው ሄዱ።

ስንመለስ ፀሐዩ በርትቶ ነበር። ተማሪዎቹ አንቀላፉ። ነርሷ የሽንኩርቱን ገበሬ ስም ለአስጎብኚው ደግማ አስታወሰችው። ወረታ ስንገባ ገበያ ቆሟል። ጉብኝቱ የሚያበቃው መናኸሪያው ዘንድ ነው። አባቴ ግን ከዚያ በፊት የመኪናውን በር በዱላቸው መቱ።

«እዚህ አውርደኝ» አሉ ሾፌሩን። የከብት ገበያው በር ላይ ነበርን።

«አባዬ፣ ምን ያደርጉልዎታል? ምሳ ደርሷል» አልኩ።

«ዋጋ ብቻ ልጠይቅ» አሉ። «ጊደር ስንት እንደ ገባች ልወቅ።»

«የምትግጥበት የለም አላሉም?»

«ከጓሮው ያለውን ትንሹን ማሳ ዘንድሮ ሣር ልዝራበት ብዬ አስቤያለሁ። የሩዙም ገለባ አለ። አንድ ጊደር ብትሆን አይጎድልባትም።»

አስጎብኚው ከኋላ ዘሎ ወረደ። ደብተሩን ይዟል። «አባቴ፣ እኔም ልምጣ? ቀንዷን እንዴት እንደሚያዩ ያሳዩኛል» አለ።

«ና» አሉት። እኔም ተከተልኩ። ምሳው ቀዘቀዘ።