ለልጆችሽ ሥራ አትንፈጊያቸው

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

እኔም እናትሽም ደህና ነን፤ የደብረ ብርሃንን ብርድ እንደሆነ ለምደነዋል። ባለፈው በስልክ ያነሣሽውን ነገር ሳወጣ ሳወርደው ሰነበትኩ። «አባዬ፣ ልጆቹ ከትምህርት ቤት ደክመው ነው የሚመጡት፣ የቤት ሥራቸው ብዙ ነው፣ ሠራተኛም አለች። ምን ብዬ ልዘዛቸው?» አልሽኝ። የእናት አንጀት ነውና አልፈረድኩብሽም። ዝም ማለት ግን አልሆነልኝም፤ በስልክ ተቻኩሎ የሚያልፈውን ነገር በወረቀት ቀስ ብዬ ልንገርሽ።

ልጅ ከቤቱ አንድ ነገር ሲጠበቅበት ቤቱ የእሱም መሆኑን ያውቃል። ምንም የማይጠበቅበት ልጅ በገዛ ቤቱ እንደ እንግዳ ሆኖ ያድጋል። እንግዳ የቀረበለትን ይበላል፣ ካልጣመው በሆዱ ያማርራል፣ ሲመሽ ተነሥቶ ይሄዳል። የምፈራልሽ ይህን ነው፣ ልጄ። ነገ አንቺ ስትደክሚ፣ ባለቤትሽ አልጋ ላይ ሲውል፣ እነዚህ ልጆች ምን እንደጎደለ ማየት ይችሉ ይሆን? ዓይን የሚለምደው በልጅነት ነው።

አንቺ እጅ ማስታጠብ ስትጀምሪ ገና ማንቆርቆሪያው ይከብድሽ ነበር። ፎጣውን ትከሻሽ ላይ ጣል ታደርጊና ሳፋውን በግራ፣ ማንቆርቆሪያውን በቀኝ ይዘሽ በዕድሜ ከሁሉ ከሚበልጠው ትጀምሪያለሽ። ሰውየው በሳሙና እስኪያሽ ውሃውን ትይዣለሽ፤ እጁን ሲዘረጋ በቀጭኑ ታወርጂለታለሽ፣ እጅጌው እንዳይርስ እየተጠነቀቅሽ። መጀመሪያ ሰሞን ውሃው ከሳፋው እያለፈ የሰው ጫማ ላይ ይፈስ ነበር፤ የተቆጣሽ ግን የለም። «እደጊ! ተባረኪ!» ይሉሻል፣ አንቺም ቀና ብለሽ ወደሚቀጥለው ትሄጃለሽ። በዚያች ሥራ ታላቅን ማስቀደም ተማርሽ፣ የሰው ፊት አይቶ መታገሥን ተማርሽ፣ ሌላው ሳይበላ አለመቸኮልን ተማርሽ። ዛሬ እንግዳው ራሱ ተነሥቶ ወደ ቧንቧው ይሄዳል። ቧንቧ በመግባቱ አላዝንም፤ ነገር ግን ያ ትምህርት ከቤትሽ ሲወጣ በምን እንደተተካ አስቢበት።

አበው «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» ይላሉ። እውነት ነው፣ አይበቃም። ሆኖም ዛሬ ያላቦካ ልጅ ያቦካው ነገም አይበቃም። ስለዚህ ትንሿ ያነጠፈችው አልጋ ቢጨማደድ እሷ እያየች ደግመሽ አታንጥፊው። የለቀመችው ምስር ውስጥ ጠጠር ቢገኝ «ተይው፣ እኔ እለቅመዋለሁ» አትበያት፤ ሰፌዱን መልሰሽ ጭኗ ላይ አድርጊላት፣ አጠገቧም ተቀመጪ። ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ራስሽ ብትሠሪው በግማሽ ጊዜ እንደሚያልቅ አውቃለሁ። ግን ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

ምን ልዘዛቸው ላልሽው፣ የባላገሩን ሥርዓት አስታውሺ። እኔ ባደግኩበት አገር ሕፃን በመጀመሪያ ጥጃ ይጠብቃል፤ ከፍ ሲል በግና ፍየል፣ ቀጥሎ ከብት ይሰጠዋል። ዕርፍ የሚጨብጠው ጉልበቱ ሲጠና ነው። አንቺም እንደዚያው አድርጊ። ትንሿ ጫማዋን ቦታው ታስቀምጥ፣ ማንኪያ ታቅርብ፣ የበላችበትን ሰሃን ታንሣ፣ ምስርና ምስር የሚያህለውን ሁሉ ትልቀም። ትልቁ ካልሲውንና የደንብ ልብሱን ይጠብ፣ ሱቅ ተልኮ መልሱን ቆጥሮ ያምጣ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈራችሁ ደግሞ አንድ ትልቅ ሥራ ስጪው፤ የውሃውን ቀን እሱ ይያዘው። ጀሪካኑን አጥቦ ይጠብቅ፣ በርሜሉን ይሙላ፣ ይክደን። ቤቱ ውሃ ያገኘው በእሱ መሆኑን ሁላችሁም ብትናገሩለት ቁመቱ ሲጨምር ታዪዋለሽ። ከፈላ ውሃ፣ ከምጣድና ከበረኪና ግን አርቂያቸው። ከሰል በተዘጋ ክፍል ሰው ይገድላልና እሱን ለልጅ አደራ አትስጪ።

ስለ ልጅ መብት ያልሽውንም አልዘነጋሁትም። ዕድሜዬን በሙሉ ያስተማርኩ ሰው ነኝ፤ ሌሊት ውሃ ሲቀዳ አድሮ ክፍል ውስጥ የሚያንቀላፋ ልጅ አይቻለሁ፣ ልቤንም ይሰብረው ነበር። በ1987 የጸደቀው ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 36 ልጅ ትምህርቱን፣ ጤናውንና ደህንነቱን የሚጎዳ ሥራ እንዳይሠራ ይጠብቀዋል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም ከ15 ዓመት በታች ያለን ልጅ መቅጠር ይከለክላል። ይህ ሁሉ ይገባል። የአፍሪካ መሪዎች በ1982 አዲስ አበባ ተሰብስበው ያጸደቁት የልጆች መብትና ደህንነት ቻርተር ግን መብቱን ከዘረዘረ በኋላ፣ በአንቀጽ 31 ልጅም እንደ ዕድሜውና እንደ አቅሙ ግዴታ እንዳለበት ይናገራል፤ ለቤተሰቡ አንድነት እንዲሠራ፣ ወላጆቹንና ታላላቆቹን እንዲያከብር፣ ሲቸገሩም እንዲረዳ። ይህን ሳነብ የአያቶቻችንን ድምፅ የሰማሁ ያህል ደስ ብሎኛል። ጥናቱን የሚሻማ ሥራ ካለ ሥራው ይቅር። አንድ ሰሃን ማጠብ ግን ጥናት አይሻማም።

ባለቤትሽ «ወንድ ልጅ ማጀት ምን አግብቶት» የሚል አስተሳሰብ እንዳለው አውቃለሁ፤ መልካም ሰው ነው፣ ያደገበት ልማድ ነው። በእኔ ስም እንዲህ በይው። ሴት በማትወጣበት በደብረ ዳሞ ማን ይጋግራል? ወንዶች። የቆሎ ተማሪው ደበሎውን ለብሶ አኮፋዳውን አንግቶ ከእናቱ ሲለይ ጎጆውን የሚቀልሰውም፣ ምግቡን የሚፈልገውም ራሱ ነው፤ ሊቃውንታችን ከዚያ የወጡ ናቸው። ሽሮ መሥራት የሚችል ወንድ ከማንም አያንስም። ለሴቷ ማጠቢያውን፣ ለወንዱ ቴሌቪዥኑን የምትሰጥ እናት ነገ የሰው ልጅ የሚያስለቅስ ባል እያሳደገች ነው።

አሁን ደግሞ ብዙ ያሳሰበኝን ልንገርሽ። ለትንሣኤ ቤታችሁ ሳለን ትልቁ ሶፋ ላይ ተቀምጦ ስልክ ይነካካል። የውሃው ጆግ ጠረጴዛው ላይ፣ እጁ በሚደርስበት ቦታ ነበር። ወደ ማድ ቤት ዞሮ «ውሃ!» ብሎ ተጣራ። ሠራተኛችሁ፣ ያቺ ልጅ፣ ሽንኩርቷን ትታ፣ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች መጥታ ቀዳችለት። ቀና ብሎ ሳያያት ጠጣ። ብርጭቆውን ይዛ ተመለሰች። ክፍሉ ሰው ሞልቶበት ነበር፤ ነገሩን እንደ ነውር የቆጠረው ግን አልነበረም። ልጄ፣ እሷም እንዳንቺ የሰው ልጅ ናት፤ እናቷ አገር ቤት ሆና «እንዴት ይዘዋት ይሆን?» ትላለች። የቤተሰብ ስም የሚወጣው ከእንደዚህ ዓይነቷ አፍ ነው። ከቤታችሁ ስትወጣ ስለ ልጆችሽ የምትናገረው ለእኔ ጎረቤት ከሚያመሰግነው ይበልጥብኛል። ውሃቸውን ራሳቸው ይቅዱ። «እባክሽ» ይበሉ፣ በስሟ ይጥሯት። እሑድ ከሰዓት እሷ ትረፍ፣ የማታ ትምህርት ካማራትም ትማር፤ ያን ጊዜ ማድ ቤቱን እናንተ አራታችሁ ተካፈሉት። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነውና ቶሎ ያልቃል።

አንዳንድ ወላጅ ሰሃን ላጠበ ልጅ ብር ይሰጣል። እኔ አልወደውም። ለቤቱ የሠራ ልጅ ደመወዙ ምርቃት ነው፤ «እደግ፣ እጅህ ይባረክ» ስትዪው ፊቱን ተመልከቺ። ሥራን ለቅጣትም አታድርጊው። «ዋሽተሃልና ዕቃ እጠብ» ካልሽው ዕቃ ባየ ቁጥር ጥፋቱ ትዝ ይለዋል። በእንግዳ ፊትም እህቱን ከእሱ አታወዳድሪ።

ትምህርት ሲዘጋ ትልቁን ለክረምት ላኪልኝ። ቦት ጫማና ወፍራም ሹራብ አስይዢው፤ የጓሮው ድንች መኮትኮት ይፈልጋል፣ እናትሽም ሽሮ አሠራር ላሳየው ብላለች። ትንሿንም ከጨመርሽ ደስታችን ነው፤ ብቻ እዚህ አልጋዋን የምታነጥፈው ራሷ እንደሆነች ከወዲሁ ንገሪያት።

አባትሽ