ከአርባ ምንጭ የመጣው ማር

አርባ ምንጭ ደርሶ ማር ሳይዙ መመለስ ከባድ ነው። እኔ ለሥራ ልሄድ ስዘጋጅ የእናቴ ትእዛዝ አጭር ነበር፦ «ለልጁ ሳል የሚሆን ጣዝማ ማር ሳትይዥ እንዳትመጪ!» ልጁ የእኔው ነው፤ ያኔ ገና ስምንት ወሩ ነበር።

ሥራዬን ስጨርስ ከባልደረባዬ ጋር ወደ ዶርዜ ወጣን። ሽቅብ ሲወጡ መኪናውን አስቁመው ወደ ኋላ ይመልከቱ። ቡናማው ዓባያና ሰማያዊው ጫሞ፣ በመካከላቸውም የእግዜር ድልድይ ተዘርግተው ይታያሉ። ታች ከተማው ውስጥ ሸሚዝ እንኳ ይከብዳል፤ ላይ ሲደርሱ ግን ጋቢ ያስፈልጋል። ይህን የአየር ለውጥ ልብ ይበሉልኝ፤ ማሩ ጋ ስንደርስ እንፈልገዋለን።

ዶርዜ የዝሆን ፊት በሚመስሉ የቀርከሃ ቤቶቹና በሸማኔዎቹ ይታወቃል። ለእንግዳ በእንሰት ቅጠል ተጠቅልሎ የተጋገረ ቆጮ ከማርና ከዳጣ ጋር ይቀርባል። ዳጣውን በጥቂቱ ይጀምሩ፤ እኔ ደፍሬ ጠቅሼ እንባዬ መጥቷል።

የቀረበልን ማር ነጣ ያለና የረጋ ነበር። ባልደረባዬ «ስኳር አለበት» ብሎ ሹክ አለኝ። እኔም እንደዚያ አስቤ ነበር። ያስተናገዱን እናት ሰሙትና ሳቁ። «ልጄ፣ እዚህ ብርድ ነው፤ ማርም ይረጋል። ቆላ ይዘኸው ውረድና እየው።»

እውነታቸውን ነው። ከ100 ግራም ማር 80 ያህሉ ስኳር፣ 17 ወይም 18 ያህሉ ደግሞ ውኃ ነው። ስኳሩ በአብዛኛው ፍሩክቶስና ግሉኮስ ሲሆን፣ በብርድ እየረጋ ነጭ የሚሆነው ግሉኮሱ ነው። ስለዚህ መርጋት ብቻውን የማጭበርበር ምልክት አይደለም። ክብሪት መጫርም ሆነ ውኃ ውስጥ ጠብ ማድረግ እውነተኛውን ከሐሰተኛው በእርግጠኝነት አይለይም፤ ያ የላብራቶሪ ሥራ ነው። የማርኬቲንግ ሠራተኛ ነኝና «መቶ በመቶ ተፈጥሯዊ» የሚል ወረቀት ማሳተም ምን ያህል ቀላል እንደሆነ አውቃለሁ። ከወረቀቱ ይልቅ ቀፎውን የሚያሳይዎትን ሰው ይመኑ።

መድኃኒትነቱስ? ማር ውኃው ትንሽ፣ አሲዱ ደግሞ ብዙ ስለሆነ ለባክቴሪያ አይመችም። በተጨማሪም ንቧ የምትጨምርበት ግሉኮስ ኦክሲዴዝ የሚባል ኢንዛይም አለ። ማሩ በእርጥበት ሲቀጥን ይህ ኢንዛይም ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ ያመነጫል፤ ቁስል የሚጠረግበት ዓይነቱን ማለቴ ነው። ኢንዛይሙ ሙቀት አይወድም። ማሩን በሚፈላ ሻይ ላይ ከጨመሩት ጣፋጭነቱ እንጂ ኢንዛይሙ አይተርፍዎትም።

ጣዝማ ደግሞ ሌላ ነው። መናደፊያ የሌላት ትንሽ ንብ መሬት ውስጥ፣ ከሰም በሠራቻቸው ትንንሽ እንክብል ማሰሮዎች የምታከማቸው ማር ነው። ከተራው ማር ይቀጥናል፤ ኮምጠጥም ይላል። የሚገኘው በጥቂቱ ስለሆነ ዋጋው ውድ ነው። እኔም አንዲት ትንሽ ጠርሙስ አገኘሁ።

ማታ ሆቴል ሆኜ የልጄን ሐኪም በስልክ ጠየቅኳት። ነገሩን ሳልጨርሰው «አንድ ዓመት ሳይሞላው እንዳትሞክሪው!» አለችኝ። ማር ውስጥ የክሎስትሪዲየም ቦቱሊነም ዘር ሊኖር ይችላል። የአዋቂ አንጀት ያልፈዋል፤ የሕፃን አንጀት ግን ገና ስላልጠነከረ ዘሩ እዚያ አድጎ መርዝ ያመነጫል። መርዙ ጡንቻን ያዝላል፣ መጥባትን ያዳክማል፣ ሲብስም ትንፋሽ ያሳጥራል። ቤት ውስጥ ማፍላት ዘሩን አይገድለውም። ጣዝማም ሆነ ሌላ ማር፣ በጣት ጫፍም ቢሆን፣ ከዓመት በታች ላለ ልጅ አይሰጥም።

ጭንቀቴ ሐኪሟን ማመን አልነበረም፤ ለእናቴ መንገሩ ነበር። እንደፈራሁትም «እናንተን በምን ያሳደግኋችሁ መሰለሽ?» አለችኝ። አልተከራከርኳትም። ስልኩን ከፍቼ ሐኪሟን አገናኘኋት። ረጅም ሰዓት አወሩ፤ ከእኔ ጋር እንኳ እንደዚያ አታወራም። ልጁን ለሳሉ ክሊኒክ ወሰድነው። እናቴ ጠርሙሷን ቁም ሳጥን ላይኛው መደርደሪያ አስቀመጠቻት። በነጋታው ሳያት ክዳኑ ላይ ፕላስተር ተለጥፎበት የልጁ የአንድ ዓመት ልደት ቀን በእስክሪብቶ ተጽፏል።