የቤልጅጉ ዋጋ

በ1984 ዓ.ም. ጎጃም ውስጥ ሉማሜ ላይ ነፍጥ የሚገዛ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ነፍጡ አልነበረም፤ «ጥይቱ ይገኛል ወይ?» ይል ነበር። ግንቦት 1983 ደርግ ወድቆ ሠራዊቱ ሲበተን ክላሽ በየመንደሩ ገባ፤ ጥይቱም ተከትሎት ገባ። ከአባት ለልጅ ሲወርድ የኖረው አሮጌ ጠመንጃ ሁሉ ያኔ ገበያው ቀዘቀዘ። አጎቴ «እንግዲህ መግዛት አሁን ነው» አሉ። ክላሽን አይወዱትም፤ «ጥይት መበተኛ ነው፣ ለገበሬ ኪሳራ» ይሉታል።

ሻጩ ከቢቸና በኩል የመጣ ጎልማሳ ነው። ጠመንጃውን በጋቢው ውስጥ እንዳቀፈ ወደ ባለ እጁ ቤት ገባ። ባለ እጁ ማረሻና ማጭድ ሠርተው የሚያድሩ ሽማግሌ ናቸው፤ በአካባቢው ጠመንጃ ሲሸጥ ግን ያለ እርሳቸው ዋጋ አይቆረጥም። ሁሉም «አያ» ይላቸዋል።

ተቀብለው መጀመሪያ ቃታውን ስበው፣ ካዝናውን በጣታቸው ዳስሰው፣ ባዶ መሆኑን አረጋገጡ። ከዚያ ቃታውን ጨርሰው አወጡና ጥይት በሚገባበት በኩል የአውራ ጣታቸውን ጥፍር ደገኑ፤ በአፈሙዙ አጮለቁ። ከጥፍሩ ላይ የሚመለሰው ብርሃን በርሜሉን ከውስጥ ያበራዋል። እኔንም ጠርተው አሳዩኝ። እርሳሱን እያሽከረከሩ የሚያወጡት ጠመዝማዛ መስመሮች ጠርዛቸው ገና ስል ነው፤ ከጥይቱ ማረፊያ ፊት ያለው ብረት ግን ፈንጣጣ እንደጎበኘው ፊት ተበሳስቷል።

«በምን ትወለውለዋለህ?» አሉት ሻጩን።

«በቅቤ ነዋ፣ አያ።»

«ቅቤው ኋላ ነው። መጀመሪያ የፈላ ውሃ ነበር።»

ያሉት ልክ ነው። የድሮው ጥይት ሲተኮስ በርሜል ውስጥ ጨው ይተዋል፤ ጨው እርጥበት ይጠራል፣ ቅቤም ጨው አያሟሟም። ስንቱ ደህና ጠመንጃ በባለቤቱ ፍቅር ተወልውሎ ከውስጥ እንዳለቀ እርሳቸው ይወቁት።

ቀጥለው አንድ ጥይት ተቀብለው ጫፉን ወደ አፈሙዙ ከተቱ። እርሳሱ እስከ ቀለሁ አፍ ድረስ ከሰመጠ አፈሙዙ በልቷል ማለት ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚበላውም በጥይት ሳይሆን በመወልወያ ዘንግ ነው። ይህኛው ቀደም ብሎ ቆመ። አጎቴ ፊታቸው ሲፈታ አየሁ፤ ለሻጩ እንዳያሳዩ ወዲያው ሳል አመጡ።

ችግሩ የመጣው ከቁጥሩ ነው። ቃታው ላይ የተመታው ቁጥርና በርሜሉ ሥር ያለው አይገናኙም። ቃታው የሌላ ጠመንጃ ነበር። እንዲህ ሲሆን ጥይቱና ቃታው መካከል ክፍተት ሊኖር ይችላል፤ ክፍተቱ ከበዛ ቀለሁ ይሰነጠቅና እሳቱ ወደ ተኳሹ ፊት ይመለሳል። ባለ እጁ የተተኮሰ ቀለህ አስወጥተው ግርጌውን ወደ ብርሃን አዞሩ። ብረቱ ሲለጠጥ የሚታየውን የሚያብረቀርቅ ቀለበት ነበር የፈለጉት። አላገኙትም። «ቃታው ባዳ ነው፤ ግን ተስማምተዋል» አሉ።

ሰደፉ አንገቱ ላይ ተሰንጥቆ በጠፍር ታስሯል። ይህን ማንም ከቁም ነገር አልቆጠረውም።

ሻጩ ዋጋው መውረዱን ሲያውቅ ታሪክ አመጣ። አባቱ በአርበኝነት ዘመን ከጣሊያን የማረኩት ነው። በዚያ አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ የአርበኛው የበላይ ዘለቀ አገር ነው፤ በየቤቱ የተማረከ የጣሊያን ጠመንጃ ነበር። ባለ እጁ ግን ብረቱ ላይ በጣታቸው ጠቆሙ። ዘውድ የጫነ አንበሳ ተቀርጾበታል። ከ1928ቱ የጣሊያን ወረራ በፊት ጃንሆይ ከቤልጅግ ካስመጧቸው አንዱ ነው፣ አምስት ጎራሽ።

«ጣሊያን አንበሳችንን ይዞ አይዘምትም፣ ልጄ።»

ሻጩ አልደነገጠም። «እሱማ ከእኛ ማርኮት ነበር፤ አባቴ መልሰው ማረኩት።»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ሊሆንም ይችላል እኮ! ባለ እጁ ስቀው ሲያበቁ «ታሪኩ ያማረ ነው፤ ዋጋ ግን አይጨምርም» አሉት።

ከብዙ ዓመት በኋላ አሜሪካ ስኖር ሻጩ ትዝ አለኝ። ከኢትዮጵያ መጋዘን በብዛት ወጥተው የተጫኑ አሮጌ ቤልጅጎች፣ የጣሊያን ካርካኖዎችና የእንግሊዝ ጠመንጃዎች እዚያ ለአሰባሳቢ ይሸጣሉ። አሰባሳቢው አንበሳው ሳይፋቅ መቆየቱን ያያል፤ ቁጥሮቹ መገጣጠማቸውን ያያል፤ በጠፍር ወይም በቆርቆሮ የተጠገነ ሰደፍ ሲያገኝ አንዳንዱ ጭራሽ ይደሰታል። ብዙው ተኩሶ አያውቅበትም። የቢቸናው ሰው ጠፍሩንና አባቱን ይዞ እዚያ ቢቀርብ ኖሮ ባለ እጁን ይረታቸው ነበር።

ያን ዕለት ሉማሜ ላይ ግን «ወረቀትስ አለው?» ብሎ አንዱ ምስክር ሲጠይቅ ሳቁ ቆመ። የነፍጥ ምዝገባ በጎጃም ክፉ ትዝታ አለው። በደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ የአገረ ገዥነት ዘመን ጠመንጃ ይመዝገብ መባሉ ከገበሬው ቅሬታዎች አንዱ ነበር፤ በ1960 የእርሻ ገቢ ግብር ሲታከልበት ሞጣና ቢቸና ሸፈቱ፣ አውሮፕላን መጥቶ ደበደበ። በመጨረሻ ገዥው ከሹመታቸው ተነሡ። የወረቀቱ ጥያቄ እንደወደቀ ቀረ፤ ማንም አላነሣው።

አንድ ወይፈንና አንድ ኩንታል ጤፍ ላይ ተስማሙ። እጅ ተመታ። ሻጩ ጠመንጃውን ለአጎቴ አስረክቦ፣ ዝናሩን መልሶ ወገቡ ላይ ታጠቀ።

«ጥይቱስ?» አሉ አጎቴ።

«የሸጥኩት ጠመንጃ ነው።»

ለካ ሰውየው ከሁላችን ይልቅ ገበያውን ያውቅ ኖሯል። የክላሽ ጥይት ቤልጅግ አይጎርስም፤ የቤልጅጉ ደግሞ ከገበያ ጠፍቷል። ሽማግሌዎቹ ክርክሩን ሲይዙት ፀሐይ አዘቀዘቀች፤ ለጠመንጃው ከፈጀው ይልቅ ለጥይቱ የፈጀው በለጠ። ባለ እጁ ጥይቶቹን እያሻሹ አረንጓዴ ዝገት ያበላሻቸውን ለይተው፣ ደህና ናቸው ላሏቸው አጎቴ አንድ ሙክት ጨመሩ።

ከመካከላቸው ተማሪ እኔ ስለነበርኩ ውሉን እንድጽፍ ወረቀት ተሰጠኝ። «አንድ ቤልጅግ ጠመንጃ» ብዬ ልጀምር ስል ባለ እጁ እጄን ያዙኝ።

«ጥይቱን አስቀድም» አሉ።

ጠመንጃው በሁለተኛው መስመር ገባ።