ጾምና የምታጠባ እናት

ሁዳዴ 55 ቀን ነው። በጌዴኦ ዞን፣ በይርጋ ጨፌ አካባቢ ባለችው አሪቻ ጾሙ የሚገባው የቡናው ለቀማ አልቆ፣ ገንዘቡም በሚሳሳበት ወራት ነው። ማእዳችን ቆጮ፣ ጎመንና ሽሮ ይሆናል። እንሰቱን የምትፍቀው ሴት ግን ጾመችም አልጾመችም ሥራዋ አይቀንስላትም።

ሦስተኛ ልጄ ገና የ4 ወር ሕፃን ሳለ ጾሙ ገባ። እስከ 9 ሰዓት እህል ሳልቀምስ መዋልን ከልጅነቴ ስለለመድሁት፣ መተዉ ከብዶኝ ነበር። የንስሐ አባቴን ብጠይቃቸው፣ «ለምታጠባ እናት ግዴታ አይደለም፤ ልጅሽን አሳድጊ» አሉኝ። የጤና ኬላዋ ሠራተኛም የምታጠባ እናት በቀን 2 ተጨማሪ ምግብ እንደሚያስፈልጋት ነገረችኝ። በላሁ፤ ልጄም ጠግቦ አደረ።

ከሁሉ የከበደኝ ሐሜቱ ነበር። «እናቶቻችን እያጠቡም ጾመዋል» የሚሉ አልጠፉም። ሁዳዴን የማትጾመው ፕሮቴስታንት ጎረቤቴ ግን ጠዋት ጠዋት ትኩስ አጥሚት ይዛልኝ ትመጣ ነበር። ለፋሲካ ዶሮ ወጡ ሲወጣ እርሷንና ልጆቿን ጠርተን አብረን በላን።

እህቶቼ፣ በሚመጣው ሁዳዴም በየጎረቤታችን ነፍሰ ጡር ወይም የምታጠባ ሴት አትጠፋም። ለምን በላች ብለን ከምናማት፣ ውኃ ቀድተን፣ እንጨት ፈልጠን ብናግዛት ይሻላል። ባሎችም ይህ ሥራ ይመለከታቸዋል። ከሥጋና ከቅቤ የተከለከለ አፍ ከሐሜትም መጾም አለበትና።