ስምንት ጥይት ወይስ አሥራ ሦስት

ይህን ጽሑፍ የምንጽፈው ባልና ሚስት ሆነን ነው። አንዳችን ዕድሜውን በወታደር ቤት የፈጸመ፣ አንዳችን ደግሞ የእሱን ልብስ ስትሰፋና ስትጠግን የኖረች ነን። ስለዚህ በሚቀጥለው ሁሉ አንዱን «ወታደሩ»፣ ሌላዋን «ሰፊዋ» እያልን እንጠራለን፤ «እኛ» ስንል ግን ሁለታችንም መሆናችንን አንባቢያን ይወቁልን።

ስለ ሽጉጥ በቤተሰብ ዓምድ መጻፍ ለአንዳንዶች ያለ ቦታው የገባ ነገር ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ ሽጉጥ ከጠመንጃ የሚለይበት አንድ ጠባይ አለው፤ ማታ ከባለቤቱ ጋር ወደ ቤት ይገባል። ጠመንጃው በግምጃ ቤት ሲያድር ሽጉጡ ከራት ገበታው አጠገብ ይቀመጣል፤ ልጅም ያየዋል፣ እንግዳም ያየዋል። ከሁለት ሽጉጥ አንዱን የመምረጥ ነገር በእኛ ቤት የግምጃ ቤት ጉዳይ ብቻ ሆኖ ያልቀረውም በዚህ ምክንያት ነው።

ነገሩ የተጀመረው በደብረ ብርሃን ሳለን ነው። በዚያን ጊዜ ወታደሩ መቶ አለቃ ነበር፤ የሲቪል ልብስ ለብሶ ገንዘብና ሰነድ የማጀብ ሥራም ተሰጥቶት ነበር። አንዳንድ ቀን ከመሸ በኋላ ብቻውን በእግሩ ወደ ቤት ይመለሳል። የመሣሪያ ግምጃ ቤቱ ኃላፊ የነበሩት ሽበታም ሻምበል ባሻ ሁለት ሽጉጥ በጠረጴዛ ላይ አጋድመው «እንግዲህ መቶ አለቃ፣ ይምረጡ፤ ወገቡ የርስዎ ነው» አሉት።

አንደኛው ማካሮቭ ነበር። ሶቪየቶች እ.ኤ.አ. በ1951 ለሠራዊታቸው የተቀበሉት፣ ርዝመቱ 16 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ባዶውን 730 ግራም የሚመዝን፣ በካዝናው 8 ጥይት የሚይዝ ነው። ሁለተኛው ብራውኒንግ ሃይ ፓወር ነበር። ርዝመቱ ወደ 20 ሴንቲ ሜትር ይጠጋል፤ ጥይቱ ሲሞላ ከ1 ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ ካዝናው 13 ይይዛል። ሁለቱም 9 ሚሊ ሜትር ይባሉ እንጂ ጥይታቸው አንድ አይደለም፤ የማካሮቭ አጠር ያለና ለዘብ ያለ ነው።

ወታደሩ ማታ ቤት ገብቶ ነገሩን ሲያጫውት ብዙ ጥይት የሚይዘው ይሻላል ብላ የተከራከረችው ሰፊዋ ናት። ሴት ልጅ ሽጉጥ አትወድም የሚሉ ይህን አይገምቱም። ሌሊት በር ሲንኳኳ የምትጠብቅ ሚስት ግን ስሌቷ ሌላ ነው። «ስምንት ጥይት ለስንት ሰው ይበቃል? ከስምንቱ ግማሹ በጨለማ ቢስት ምን ይተርፍሃል?» አለችው። ወታደሩም መልስ አላገኘላትም። በማግሥቱ ብራውኒንጉን ፈርሞ ወሰደ።

የዚህን ሽጉጥ ነገር ጥቂት ማብራራት ያስፈልጋል፤ ችግራችን ሁሉ ከአሠራሩ የመጣ ነውና። አሜሪካዊው ጆን ብራውኒንግ ሽጉጡን ሳይጨርስ እ.ኤ.አ. በ1926 በቤልጅግ አገር ሞተ። ሥራውን ፈጽሞ ለ1935 ያደረሰው ዲዮዶኔ ሴቭ የተባለው የቤልጅግ ባለሙያ ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት አብዛኞቹ ሽጉጦች ጥይታቸውን በአንድ ረድፍ፣ አንዱን በሌላው ላይ ደርድረው የሚይዙ ነበሩ። በሴቭ ካዝና ውስጥ ግን ጥይቶቹ በሁለት ረድፍ እየተሰባጠሩ ይቀመጣሉ፤ ስለዚህ በእጀታው ርዝመት ላይ ብዙ ሳይጨመር 13 ይገባሉ። የሚከፈለው ዋጋ ውፍረት ነው። እጀታው ሰፊ ይሆናል፤ መዳፍን ይሞላል፤ ትንሽ እጅ ያለው ሰው በደንብ አይጨብጠውም። ውፍረት ደግሞ በወገብ ላይ ሲሆን ከርዝመት ይብሳል።

እዚህ ላይ ሰፊዋ የምታውቀው፣ ወታደሩ ግን ዘግይቶ የተረዳው አንድ ነገር አለ። ሽጉጥ ሲደበቅ አስቸጋሪው አፈሙዙ አይደለም። አፈሙዙ በሱሪው ውስጥ ወደ ታች፣ ከጭኑ ጎን ይወርዳል፤ ጥቂት ቢረዝም ማንም አያየውም። ሰውን የሚያጋልጠው እጀታው ነው፤ ከቀበቶው በላይ ቀርቶ ወደ ኋላ ይወጣል፤ ሰውየው ጎንበስ ሲል ሸሚዙን እንደ ድንኳን ካስማ ወጥሮ ይይዛል። ካዝናው ያለው ደግሞ በእጀታው ውስጥ ነው። ጥይት በጨመርን ቁጥር የምናሳድገው ያንኑ ለመደበቅ የሚያስቸግረውን ክፍል ነው ማለት ነው።

በደብረ ብርሃን ይህ ሁሉ አልተሰማንም። ከተማው ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለ፣ ብርዱ አጥንት የሚሰብር ነው፤ ሰው ሁሉ ካፖርት ይደርባል። ከወፍራም ካፖርት ሥር ብራውኒንግ ቀርቶ ሌላም ነገር ይደበቃል። ሰፊዋ ያጋጠማት ችግር ቢኖር የሽጉጡ መዶሻ ገበሩን እየፋተገ መቅደዱ ብቻ ነበር፤ ያንንም በቁራጭ ቆዳ ጠግና አለፈችው።

ከዚያ ወደ ድሬዳዋ ተዛወርን። ድሬዳዋን የሚያውቅ ያውቃታል፤ ካፖርት የለበሰ ሰው ቢታይ ሕፃናት ተከትለው ይስቁበታል። በከዚራ ዛፎች ጥላ ሥር እንኳ ሰው አጭር እጅጌ ሸሚዝ ለብሶ ላቡን ይጠርጋል። ወታደሩ የመጀመሪያውን ሳምንት በቀጭን ሸሚዝ ወጥቶ ሲመለስ፣ የሠፈራችን ባለሱቅ «ጌታው፣ ወገብዎ ላይ ያለው ነገር አይከብድዎትም?» ብሎ እንደ ጠየቀው በኀፍረት ነገረን። ባለሱቅ ያየውን ሌባም ያየዋል። የሽጉጥ መደበቅ ዋና ጥቅሙ ለእኛ የተረዳን ያኔ ነው፤ ገንዘብ የሚያጅብ ሰው የታጠቀ መሆኑ ከታወቀ፣ ሊዘርፍ የሚመጣ ሰው መጀመሪያ የሚመታው እሱን ነው። (ሽጉጡ እንዲታይለት ብሎ በምግብ ቤት ኮቱን ገልጦ የሚቀመጥ ሰው አለ። ስለዚያ ዓይነቱ ሰው እዚህ አንጽፍም።)

ሰው የከበደውንና ያሳፈረውን ነገር ቀስ በቀስ ይተዋል። ወታደሩም በሥራ ሰዓት ሽጉጡን ይታጠቃል፤ ከሥራ ውጭ ግን «ለቅርብ ቦታ ነው»፣ «ሙቀቱ አይቻልም» እያለ ቤት ያስቀምጠው ጀመር። የሚያስቀምጥበትም ቦታ በቁም ሣጥኑ ራስ ላይ፣ ከታጠፈ ጋቢ ሥር ነበር። ካዝናውን ያወጣና በመሳቢያ ውስጥ ያኖራል። ጥይቱ ወጥቷል ብሎ ያምን ነበር። እኛም አመንን።

አንድ ቅዳሜ ለሰርግ ተጠርተን ሄድን። የ7 ዓመት ልጃችንን ከአክስቱ ጋር ቤት ተውነው። ሲመሽ ስንመለስ አክስቱ በግቢው ውስጥ ቡና እያፈላች ነበር። ልጁ በመኝታ ቤት አልጋው ላይ ተቀምጦ ብራውኒንጉን በሁለት እጁ ይዟል። ወንበሩ ከቁም ሣጥኑ ሥር እንደ ቆመ ነው፤ አፈሙዙ ወደ በሩ ወደ እኛ ዞሯል። ሲያየን ሽጉጡን ዝቅ አድርጎ «አባዬ፣ ተበላሽቷል፤ ስስበው እምቢ አለኝ» አለ።

ወታደሩ ሽጉጡን ከእጁ ተቀበለው። መዶሻው ተነሥቷል፤ መጠበቂያው ወደ ታች ወርዷል። ላይኛውን ብረት ወደ ኋላ ሲስበው አንድ ጥይት ዘሎ በሰሌኑ ላይ ወደቀ። ከዚያ ከመሳቢያው ካዝናውን አውጥተን ቆጠርን፤ 12 ነበሩ። ማታ ማታ ቆጥረን ቢሆን ኖሮ አሥራ ሦስተኛው የት እንዳለ እናውቅ ነበር። ግን 13 ጥይት ያለው ሰው አይቆጥርም፤ ብዙ ነው ብሎ ያልፋል።

ልጃችንን ያተረፈው አንድ ትንሽ ብረት ነው። ይህ ሽጉጥ ካዝናው ከወጣ ቃታው ከመዶሻው ጋር የሚያገናኘውን መንገድ ያጣል፤ ጥይት የጎረሰ ቢሆንም አይተኩስም። ብዙ ወታደሮች ይህን አሠራር ይጠሉታል፤ ቃታውን ያከብደዋል ይላሉ፤ አውጥተው የሚጥሉትም አሉ። ማካሮቭ እንዲህ ያለ ነገር የለውም፤ ካዝናው ቢወጣም የጎረሰውን ይተኩሳል። በዚያች ማታ በቁም ሣጥኑ ላይ የነበረው ማካሮቭ ቢሆን ኖሮ ምን ይሆን ነበር ብለን ብዙ ሌሊት ስንገላበጥ አድረናል። ልጁ ቃታውን ሲስብ ወደ ማን አዙሮት እንደ ነበረ እስከ ዛሬ አልጠየቅነውም።

ሆኖም ሐሳባችን ውሎ አድሮ ሲረጋጋ የደረስንበት ይህ ነው፤ ማካሮቭ ቢሆን ኖሮ ቀድሞውኑ በቁም ሣጥኑ ላይ አይገኝም ነበር፤ በወታደሩ ወገብ ላይ ሆኖ ሰርግ ይሄድ ነበር። ሽጉጡን ወደ ቁም ሣጥኑ ያወጣው መጠኑ ነው። ለደኅንነታችን ብለን የጨመርናቸው 5 ጥይቶች ሽጉጡን ከባለቤቱ ወገብ አውርደው ለልጁ አቀረቡት።

በሶቪየቶችም ዘንድ ይኸው ክርክር ነበር። ማካሮቭን በተቀበሉበት በዚያው በ1951 ስቴችኪን የተባለውንም ሽጉጥ ተቀብለው ነበር። ተመሳሳይ ጥይት 20 ይይዛል፤ በተከታታይም ይተኩሳል፤ ማኅደሩ ከእጀታው ጋር ተጋጥሞ እንደ ሰደፍ ያገለግላል። ነገር ግን ሞልቶ ሲመዘን ከ1.2 ኪሎ በላይ ነው፤ ርዝመቱም ከ22 ሴንቲ ሜትር ይበልጣል። መኰንኖቹ መሸከሙ ሰለቻቸው። የስቴችኪን መሠራት በ1950ዎቹ መጨረሻ ሲቆም ትንሹ ማካሮቭ ለብዙ አሥርተ ዓመታት ቀጠለ።

ዛሬ ነገሩ ጥቂት ተለውጧል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1994 እስከ 2004 የጸና ሕግ ለሲቪል ሰው የሚሸጠውን አዲስ ካዝና በ10 ጥይት ስለ ወሰነው፣ ሠሪዎቹ «እንግዲያስ 10 ጥይት በምን ያህል ትንሽ ብረት ይያዛል?» ብለው ማሰብ ጀመሩ። በ2018 የወጣው ሲግ ፒ 365 የተባለው ሽጉጥ ከማካሮቭ አጠር ብሎ፣ ባዶውን ግማሽ ኪሎ ያህል እየመዘነ፣ 10 የብራውኒንግ ዓይነት ጥይት ይይዛል፤ ካዝናው ከታች ሁለት ረድፍ ሆኖ ወደ ላይ እየጠበበ ይሄዳል። ወታደሩ ይህን ሲሰማ «ዘግይቶ መጣ» ብሎ ሳቀ። ሰፊዋ ግን አልሳቀችም፤ ነገ ደግሞ 10 አይበቃም ብለው ካዝናውን ከእጀታው በታች ያስረዝሙታል፣ ያን ጊዜ ሸሚዙን እንደገና ይወጥረዋል አለች። እንዳለችውም ለዚሁ ሽጉጥ 12 እና 15 የሚይዙ ረዣዥም ካዝናዎች ወጥተዋል።

ወደ ድሬዳዋ እንመለስ። ሰኞ ጧት ወታደሩ ብራውኒንጉን ይዞ ወደ ግምጃ ቤት ሄደ። ተረካቢው ጥይቶቹን በጠረጴዛው ላይ አንድ በአንድ አቁሞ ቆጠረ፤ 13። በምትኩ ማካሮቭና ሁለት ካዝና ሰጠው። አንዱ በሽጉጡ ውስጥ፣ ሁለተኛው በግራ ኪስ፤ ሲደመር 16 ነው። ሰፊዋ በብራውኒንግ ስትፈልገው ከነበረው ቁጥር ይበልጣል፤ እጀታውን ግን አያወፍረውም። እርግጥ ነው፣ የማካሮቭ ካዝና የሚለቀቀው ከእጀታው ግርጌ ባለ መያዣ ስለሆነ ለመለወጥ ሁለት እጅና ጊዜ ይፈልጋል። ይህን ጉድለት አውቀን ተቀበልን። በዚያው ሳምንት ከቀፊራ ገበያ ቁልፍ ያለው የብረት ሣጥን ገዛን፤ ሽጉጡ ከወገብ ሲወርድ ባዶ ሆኖ የሚገባው እዚያ ውስጥ ብቻ ሆነ። ወታደሩ ማታ ማታ ጥይቶቹን ጮክ ብሎ ይቆጥራል፤ ሰፊዋ ከሲንጀሯ ሳትነሣ ታዳምጣለች፤ ሰባት ላይ ጥቂት ከዘገየ መርገጫውን ታቆማለች።

ሰፊዋ ለወታደሩ ቀለል ካለ ጥጥ ሳሪያን ሰፋችለት። ከቀበቶው በታች አንድ ስንዝር የሚወርድ፣ ከሱሪ ውጭ የሚለበስ፣ በቀኝ ጎኑ ሁለት ጣት ያህል ሰፋ ተደርጎ የተቆረጠ ነበር። ያን ሰፋ ያለውን ጎን ማንም አላስተዋለውም። ባለሱቁም ዳግመኛ አልጠየቀም።

ወታደሩ ጡረታ ሲወጣ ማካሮቩን ከነስምንት ስምንት ጥይቱ አስረከበ። ሳሪያኑ ግን ቤት ቀረ። ባለፈው ዓመት ልጃችን ከቁም ሣጥኑ አውጥቶ ለበሰው፤ ትከሻው ልክ ሆነለት። በመስተዋት ፊት ዞር ዞር ካለ በኋላ «እማዬ፣ በቀኝ በኩል ለምን ተንዘላዘለ? ስትሰፊ ተሳስተሽ ነው እንዴ?» አላት። ሰፊዋ መነጽሯን አደረገችና «አውልቀው፣ ላጥብበው» ብላ መቀሷን አንሥታ የጎኑን ስፌት ፈታች።