ሽቶ ከመግዛትህ በፊት ጠይቃት!

እስቲ ወንዶች፣ እውነቱን ተናገሩ! ለሚስታችሁ ወይም ለፍቅረኛችሁ ሽቶ ስትገዙ በማን አፍንጫ ነው የምትመርጡት? በእሷ ነው ወይስ በባለሱቁ?

ይህን ያስነሳኝ የአንዲት ወዳጄ ጉዳይ ነው። ባለቤቷ ለሥራ ውጭ አገር ደርሶ በተመለሰ ቁጥር ሽቶ ያመጣላታል። ሁሉም ከረሜላ ከረሜላ የሚል! እሷን ደግሞ እንዲህ ያለ ሽታ ራሷን ይፈልጣታል። በይሉኝታ ትቀባና ማታ ራሷን አስራ ትተኛለች። እሱ ታዲያ "ናፍቄሽ ስመጣ ፊትሽን ታዞሪብኛለሽ" እያለ ማኩረፍ ጀመረ። በአንድ ጠርሙስ ሽቶ ምክንያት ትዳር ሲቀዘቅዝ አያችሁ?

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ስትስመኝ "ይሄ ምንድን ነው? ራሴን አላመመኝም!" አለችኝ። ሳምሳራ ይባላል፤ የጃስሚንና የሰንደል ሽቶ ነው። ቤት የምናጨሰው ሰንደል ስሙን ያገኘው ከዚሁ ዛፍ ነው። ሲቀቡት ጃስሚኑ ቀድሞ ይጮኻል። ሰዓታት ሲያልፉ ግን እንጨቱ ይመጣል፤ የደረቀ ፍልጥ፣ የፈላ ወተት፣ የተቆላ ለውዝ የሚመስል ሽታ ቆዳ ላይ ይቀራል።

እኔን የሚገርመኝ ግን አመጣጡ ነው። እንደሚተረከው፣ በፓሪስ እ.ኤ.አ. በ1828 የተመሠረተው የገርላን ሽቶ ቤት ቀማሚ አንዲት ሴት ይወዳል። እሷን የሚያስደስት ሽቶ ግን አልተገኘም። ሰውየው በሙያው አልተመካም፤ "የምትወጂው ሽታ ምንድን ነው?" ብሎ ጠየቃት። "ጃስሚንና ሰንደል" አለችው። ለእሷ ብሎ የቀመመው ሽቶ እ.ኤ.አ. በ1989 ለገበያ ወጣ። ስሙ የሳንስክሪት ቃል ሲሆን የመወለድ፣ የመሞትና ዳግም የመወለድ ዑደት ማለት ነው። እንግዲህ ሽቶ ቀማሚው ራሱ ከጠየቀ፣ እናንተ ምን አስኮራችሁ?

ወዳጄ ይህን ስነግራት ሳቀች፤ ማታ ግን ለባሏ ሁሉንም ዘረገፈችለት። ደነገጠ። "ይህን ሁሉ ዓመት ዝም አልሽ?" አላት። እሱስ መቼ ጠየቀ!

የሰንደል ዛፍ ብቻውን አይለማም፤ ሥሩን ከጎረቤት ዛፎች ሥር ጋር አያይዞ ነው የሚኖረው። መዓዛ ያለው ዘይቱም በግንዱ ውስጥ የሚጠራቀመው በብዙ ዓመታት ነው። ትዳርም እንደዚያው፤ መጠጋጋትና ጊዜ ይፈልጋል።

ምክሬ አጭር ነው። ወንድሜ፣ ሱቅ ስትሄድ ይዘሃት ሂድ። አንጓዋ ላይ ትቀባና ጥቂት ሰዓት ጠብቁ፤ ሽቶ በመጀመሪያው ደቂቃ አይታወቅም። "ሰንደል" የሚል ጽሑፍ አይታችሁም አትቸኩሉ። የሕንዱ ሰንደል እየተመናመነ ስለሄደ ውድ ነው፤ ብዙው ሽቶ ዛሬ በላቦራቶሪ በተሠራ ሽታ ይታገዛል። እህቴ፣ አንቺም ራስሽን እያመመሽ "ደስ ይላል" አትበይ። የማይወደድ ሽቶ ይመለሳል፤ በዝምታ የቀዘቀዘን ፍቅር ማሞቅ ግን ይከብዳል!