የደብዳቤው ጀርባ

ባለፈው ሳምንት ከጋሼ ጋር ወረዳ ሄድኩ። ጋሼ ያስተማሩኝ መምህሬ ናቸው፤ ዛሬ አንድ ስታፍ ውስጥ አብረን ነን። ጡረታ ሊወጡ ሦስት ወር ቀርቷቸዋል። አገልግሎታቸው ሲቆጠር ግን አራት ዓመት ጎደለ። ድሮ ከሌላ ወረዳ በዝውውር ከመምጣታቸው በፊት ያስተማሩበት ጊዜ ነው።

የመዝገብ ቤቷ ልጅ ትሁት ናት። ኮምፒውተሩን ከፍታ የዝውውር ደብዳቤውን አሳየችን። ማህተሙም ቁጥሩም ይነበባል። ጋሼ ግን «ጀርባውስ?» አሉ። የአራቱ ዓመት አገልግሎት የተረጋገጠው ጀርባው ላይ፣ በእጅ ጽሑፍ ነበር። ስካን ያደረገው ሰው አልገለበጠውም። ወረቀቱስ? «ስካን ስለተደረገ ተወግዷል።»

አራት ዓመት ቀላል እንዳይመስላችሁ። በመንግሥት ሠራተኛ ጡረታ ከ10 ዓመት በላይ ላለው ለእያንዳንዱ የአገልግሎት ዓመት 1.25 በመቶ ይታሰባል። የአራቱ ሲደመር የመጨረሻዎቹ 3 ዓመታት አማካይ ደመወዝ 5 በመቶ ነው፤ በየወሩ፣ ዕድሜ ልክ። የመምህር ደመወዝን ደግሞ ታውቁታላችሁ።

እኔ የዲፕሎማ መምህር ነኝ፣ የሕግ ሰው አይደለሁም። ነገሩ ስላንገበገበኝ ግን መመሪያውን አሳዩኝ አልኩ፤ አሳዩኝ። ማህደር ስንት ዓመት እንደሚቀመጥ፣ ቁልፉ ማን ጋር እንደሚሆን ይናገራል። ስለ ስካን አንድ ቃል የለም! አዋጅ 1205/2012 ለኤሌክትሮኒክ መዝገብ ሕጋዊ ዕውቅና ሰጥቷል፣ ጥሩ። ግን ይዘቱ ሳይጎድልና ሳይለወጥ መቀመጡ ሲረጋገጥ ነዋ። እዚህ ማነው የሚያረጋግጠው?

ስካን ማድረጉን አልቃወምም። አይጥ የበላው ማህደር ስንቱን እንዳንከራተተ አይቻለሁ። መመሪያው ግን ይታደስ። የወረቀቱ ሁለቱም ገጽ ይነሳ። ስካን ካደረገው ውጪ ሌላ ሰው ከዋናው ጋር አስተያይቶ ይፈርም፤ ሳይፈረም ወረቀት አይወገድ። ቅጂው እዚያችው ኮምፒውተር ላይ ብቻ አይቅር፤ እኛ ፊት እንኳ ሁለቴ ጠፍታ በርታለች። የቅጥርና የዝውውር ደብዳቤ ደግሞ ባለቤቱ በሕይወት እስካለ ዋናው ባይነካ ምን ነበረበት?

ስንወጣ ጋሼ ብዙም አላወሩም። መንገድ ላይ «የድሮው ወረዳ ማህደሬ ይኖር ይሆናል» አሉ። ደወልን። እዚያ ስካን ገና አልጀመሩም። ሰኞ በመጀመሪያው መኪና እንሄዳለን፤ ክፍሌን የሚይዝልኝ ሰው አግኝቻለሁ።